ገበሬው ያላለው ቃል

የቤተ መጻሕፍታችን የቪዲዮ መጠየቂያ ቅጽ አጭር ነው። የመምህሩን ስም፣ የትምህርቱን ርእስና የተማሪዎቹን ቁጥር ይጠይቅና በመጨረሻ «የተፈለገበት ምክንያት» ብሎ ከአንድ መስመር ያነሰ ባዶ ቦታ ይተዋል። እኔ «ለማስተማር» ብዬ ጻፍሁ። ሐሰት አልነበረም፤ እውነቱ ግን «ለማረም» ነበር። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ አንድ የዳባት ገበሬ ያላለውን ነገር እንዳለ ሆኖ ይቀርባል። ያላለውን ያስባልሁት እኔ ነኝ። ይህንንም የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከደባርቅ ከተማ ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ በሳምንት ሁለት ቀን የአፈርና ውኃ ጥበቃ ትምህርት አስተምራለሁ። ጉልበቴ እሺ ይለኝ በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼን ሊማሊሞ አወርዳቸው ነበር። በየመጠምዘዣው አውቶቡሱን አስቁሜ የተቆረጠውን ግድግዳ በእጃቸው እንዲዳስሱ፣ የላዩ አፈር ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ በክንዳቸው እንዲለኩ አደርጋለሁ። አሁን ጉልበቴ አልታዘዝ አለ፤ መንገዱም አንዱን ሳምንት ይታመናል፣ ሌላውን አይታመንም። ስለዚህ ትምህርቱ ከጠመኔና ከሰሌዳ ጋር በአራት ግድግዳ መካከል ቀረ። በመስኮቱ በኩል የሚታየው ጉም ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ የቪዲዮዎች ዝርዝር ሰሌዳው ላይ የለጠፈችው። በአርባዎቹ መጨረሻ ያለች፣ ሹራብ ደርባ የምትሠራ፣ ሰውን ሳትስቅ የምታስቅ ሴት ናት። ዝርዝሩን ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ስለ ኢትዮጵያ ደጋ አፈር የሚናገር የድሮ ፊልም ርእስ አየሁ። ያን ርእስ አውቀዋለሁ። የሰሌዳውን ጠርዝ ያዝሁ።

«ጋሼ፣ ቪዲዮ አይወዱም ሲባል እሰማ ነበር» አለችኝ ቅጹን ስጠይቃት።

«አሁንም አልወድም። ይህን አንዱን ግን ግዙልኝ።»

«አይገዛም እኮ።»

«ታዲያ ይዋሳል?»

«እሱም አይደለም። ይከፈትልናል። ሲከፍቱልን እናያለን፤ ሲዘጉት እናቆማለን።»

«ከዚህ ሁሉ የእኛ የሚሆነው የቱ ነው?»

«ያየነው ነዋ» አለችና ቅጹን ገፋ አደረገችልኝ።

ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በውጭ አገር የተቀመጠ አንድ አቅራቢ ብዙ ሺሕ ፊልሞች በኢንተርኔት ያሳያል። ቤተ መጻሕፍቱ ሲጠይቅ ለሠላሳ ቀን ለሙከራ ይከፍታል። በሠላሳው ቀን ስንት መምህር ስንቱን ፊልም እንዳሳየ ታይቶ ኮሌጁ የሚቀጥልበትንና የሚተወውን ይመርጣል። ቪዲዮው በግቢው መስመር ካልሆነ አይከፈትም። መቅዳትም ክልክል ነው፤ መምህሩ ይህን አውቆ ይፈርማል። እኔም ውሉን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው አንብቤ፣ ሁለት ቦታ ትርጉሙን ጠይቄ ፈረምሁ።

«ይህን ወረቀት እስካሁን ያነበበው እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች።

«የማያነቡትን የሚፈርሙ ናቸው አገር ያጠፉት።»

«እሱስ ልክ ነው፤ መብራት ሳይሄድ ይፈርሙልኝ እንጂ።»

ከዚህ በኋላ ወደ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ጠበቅሁ። አቅራቢው አንድ ጊዜ የኮሌጁን ኢሜይል ጠየቀ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የትምህርቱን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ላኩ አለ። ሁሉንም በየተራው ሰጠን። እኔ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ገጽ ማረሚያ አዘጋጅቼ ነበር፤ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀደድሁት። ምን እንደ ተሳሳትሁ ለመጻፍ ቀላል ነበር። የከበደኝ ለምን እንደ ተሳሳትሁ መጻፉ ነው።

ያን ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጸሐፊ ነበር፤ በቤታችን በሬም ሞፈርም አልነበረም። አንድ የፈረንጅ ፊልም አንሺ ቡድን በአፈር መሸርሸር ላይ ፊልም ሊሠራ ሲመጣ ለስድስት ቀን አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። በአራተኛው ቀን ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ተዳፋት ላይ የሚያርስ ሰው አገኘን። ሰውየው በሬዎቹን አቆመ። ፈረንጁ «ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውኃውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ እኔም ተረጎምሁ። ገበሬው በጅራፉ እጀታ መሬቱን እያመለከተ «ፈሰስ እናወጣለታለን» አለ።

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። እርከን አውቃለሁ፣ ክትር አውቃለሁ፣ ቦይ አውቃለሁ፤ እነዚህን በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። «ፈሰስ» የሚለው ግን በጆሮዬ «ይፍሰስ» ከማለት ሌላ ትርጉም አልሰጠኝም። «ምን ማለትዎ ነው?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼም ነበር። ነገር ግን አማርኛ ያውቃል ተብሎ የተቀጠረ ሰው በሦስት ፈረንጆች ፊት አማርኛ ሲጠይቅ መታየቱን ጠላሁት። ስለዚህ ወደ ፈረንጁ ዞሬ በእንግሊዝኛ «እንዲፈስ እንለቀዋለን» ይላል አልሁት። ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ገበሬው በሬዎቹን ቀሰቀሰ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ዳባት ተመደብሁ። በሐምሌ አንድ ሰው የዘራውን ማሳ ሰያፍ አድርጎ፣ ከሌሎቹ ትልሞች ጠለቅ ያለ አንድ መስመር ሲያወጣ አየሁ። የሚሠራውን ብጠይቀው ቀና እንኳ ሳይል «ፈሰስ ነዋ! ዓይንህ ያያል አይዶለም?» አለኝ። ትርፉን ውኃ ከማሳው ላይ ሰብስቦ ቀስ አድርጎ ወደ ሣሩ ዳር የሚያወርድ ቦይ ነበር። በጣም ቢያዘቀዝቅ አፈሩን ይቆርጣል፤ በጣም ቢጋደም ውኃው ይተኛና እህሉን ያበሰብሳል። መሣሪያዬን አምጥቼ ለካሁት። በዓይን ብቻ የተሠራው ሥራ እኔ በመሣሪያ ከምሠራው የሚያንስበት ነገር አላገኘሁም። እንግዲህ ይህን ሥራ ከአባቱ የተማረውን ሰው ነው «ዝም ብለን እንለቀዋለን» ያስባልሁት። ለማንም አልተናገርሁም። ፊልሙ በሩቅ አገር በቆርቆሮ ውስጥ ተዘግቷል፤ አንድ ቀን ሻግቶ ይጠፋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፊልም መሻገቱ የቀረበት ዘመን እንደሚመጣ አላወቅሁም።

ቪዲዮው የተከፈተልን ሰኔ ከገባ በኋላ ነው። ኀላፊዋ ከአንድ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። በኮምፒውተሩ ማያ መካከል አንዲት ክብ ብዙ ጊዜ ዞረች። ከዚያ ተዳፋቱ መጣ። ቀለሙ ነትቧል፤ አረንጓዴው ወደ ቡናማ ሄዷል። ገበሬው ግን እንደ ነበረ ነው። አፉን ሲከፍት ድምፁ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይሰማል፤ «ፈሰ...» ካለ በኋላ የእንግሊዝኛው ተራኪ ድምፅ ይጫነዋል። ከሥርም ያው የእኔ ዐረፍተ ነገር በጽሑፍ ያልፋል። ተራኪው በዚህ አላበቃም፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ አፈሩን ማቆየት ገና እንዳልተማረ ጨምሮ ያስረዳል። ከምስሉ ጠርዝ ላይ አንድ ትከሻና አንድ ጥንድ የሚያብረቀርቅ ጫማ ይታያል። የእኔ ናቸው።

ገበሬው ምን እንዳለ ከቪዲዮው ማወቅ አይቻልም። የእርሱ ቃል ከእንግሊዝኛው ሥር ተቀብሯል፤ እኔ ከሞትሁ የሚያወጣው የለም።

«ጋሼ፣ ድምፁ አስቸገረዎ?» አለችኝ ኀላፊዋ ፊቴን አይታ።

«የለም። ድምፁ ደኅና ነው።»

በሳምንቱ ተማሪዎቼን በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሰብስቤ አሳየኋቸው። ጠርዝ ላይ ያለሁት እኔ መሆኔን ስነግራቸው አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«ኧረ ጋሼ፣ ጫማዎ!»

«ይኸ ጫማ የዳባት ጭቃ ነክቶት አያውቅም» አለ ከጃናሞራ የመጣ ተማሪ። «ጋሼ፣ በትከሻ ነው እንዴ ተሸክመው የወሰዱዎ?»

ሳቃቸው እስኪያበቃ ጠበቅሁና ገበሬው ያለውን፣ እኔ የተረጎምሁትን፣ ቃሉን አለማወቄንና አለመጠየቄን ነገርኋቸው። ፈሰስ የሚያወጣ አባት ያለው እጁን ያንሣ ብል ከግማሽ በላይ አነሡ። እኔ በሃያ አምስት ዓመቴ ያልጠየቅሁትን እነርሱ በሰባት ዓመታቸው ያውቁት ነበር።

«ስሕተት መሆኑን ሲያውቁ ለምን አልነገሯቸውም?» አለ ያው የጃናሞራው ልጅ።

«አፍሬ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እያፈርሁ ነው የምነግራችሁ።»

የሳቀ አልነበረም። ማረሚያዬን አደልኋቸውና አሰናበትኋቸው። የልቤ ሸክም እንደሚቀል ገምቼ ነበር፤ አልቀለለም። ስሕተቱን የነገርሁት ስሕተቱ ላልጎዳቸው ሰዎች ነው።

ሁሉም ሲወጡ ከዳባት የመጣች አንዲት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ኋላ ቀረች። በክፍል ውስጥ ብዙ የምትጠይቅ፣ መልሱ ካልጣማት ደግማ የምትጠይቅ ልጅ ናት። የገበሬውን ፊት ደግሜ እንዳሳያት ለመነችኝ። አሳየኋት።

«ጋሼ፣ ይህ ሰው የአያቴ አባት ይመስለኛል።»

«በምን አወቅሽ? ከመወለድሽ በፊት የተነሣ ፊልም ነው።»

«በቦታው። ከጀርባው ያለችው ቤተ ክርስቲያን የእኛ ናት። ደግሞ አያቴ አባቷ ለፈረንጅ ስለ ተናገረው ነገር ሁልጊዜ ታወራለች።»

«ተናገረ የምትለው ምን ብሎ ነው?»

ልጅቱ ማረሚያዬን አጥፋ ይዛ ነበር። «አልተናገረም ነው የምትለው» አለችኝ።

አያቷ የአባቷ ፎቶግራፍ እንኳ እንደሌላት ጨምራ ነገረችኝ። በር ላይ ሲጠብቋት ይህን የሰሙ ጓደኞቿ ወዲያው መፍትሔ አገኙ፤ በስልክ ከማያው ላይ ቀርጸን በቴሌግራም እንላክላት አሉ። እኔ ግን እንዳይቀዳ ፈርሜአለሁ። «አይሆንም፣ አያትሽ ራሳቸው መጥተው ይዩ» አልኋት።

«ጋሼ፣ ለአንዲት አሮጊት ብለው እንኳ?» አለ አንዱ።

«ፊርማ ለአንዲት አሮጊት ተብሎ አይፈርስም።»

ከኋላዬ «ለፈረንጅማ ታማኝ ናቸው» ሲል ሰማሁት። ዞሬ አልተቆጣሁትም።

አያቷ በማርያም ዕለት መጣች፤ በዚያ ቀን ማሳ የሚገባ ስለሌለ ጎረቤትም አይታዘባትም። በስድሳዎቹ ያለች፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ከዳባት በሚኒባስ ቆማ መጥታለች። ኀላፊዋ ወንበር ሰጠቻት፤ እኔም «እህቴ፣ ይቅረቡ» ብዬ ከማያው ፊት አስቀመጥኋት። ከእኔና ከኀላፊዋ ሌላ የልጅ ልጇ ብቻ ነበረች።

ምስሉ ሲመጣ መጀመሪያ ያወቀችው አባቷን አልነበረም።

«ቦራ! ኧረ በማርያም፣ ቦራችን!» ብላ ግንባሩ ነጭ የሆነውን በሬ በጣቷ ነካችው። ቀጥሎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያልፍ አየች፤ ያልፈውም ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። ልጅቱ ደገመችላት።

«የኔታ፣ ምን እያለ ነው? ይኸ ሰውዬ ለምን ይናገርበታል? ዝም በል በሉት፤ አባቴን ልስማበት።»

«ዝም አይልም፣ እህቴ። ከላዩ ተደርቦ የተቀረጸ ነው። አባትዎ ግን ‹ፈሰስ እናወጣለታለን› ነው ያሉት።»

ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ይኸው!» አለቻት ልጅቱን። «ይኸው! አላልሁሽም? እሱ መልቀቅ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም!» ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን እየደበደበች የማላውቀውን ነገረችኝ።

ፊልሙ በተነሣ በዓመቱ የመለኪያ ገመድ የያዙ ሰዎች ወደ ቀበሌያቸው መጡ። የዚያ አካባቢ ገበሬ ውኃውን ዝም ብሎ እንደሚለቅ ራሱ በፊልም መስክሯል አሉ። ፈሰሱን ሁሉ በግዴታ አስደፍነው በላዩ ላይ የተጋደመ እርከን አሠሩ። የአባቷ ማሳ ውኃ የሚያቁር ነበርና በሁለተኛው ክረምት እርከኑ ከላይ ፈነዳ፤ የማሳው ትከሻ ከነገብሱ ወደ ገደሉ ወረደ። ከታች ያሉት የሁለት ጎረቤቶቹም ማሳ አብሮ ሄደ። ጎረቤቶቹ ግን በገመድ ለኪዎቹ አልፈረዱም፤ እርሱ ላይ ፈረዱ። «ለፈረንጅ የተናገርህ አንተ ነህ» አሉት። ከዚያ ወዲያ በሠርግም በዝክርም ስሙ «ለቀቅ» ሆነ። «ለቀቅ መጣ»፣ «ለቀቅ ይጠጣ»። «አላልሁም» ብሎ በታቦት ፊት ማለ፤ ያመነው የለም። የሰው እርሻ በእኩል እያረሰ፣ «አላልሁም» እያለ ሞተ።

«እኛንም ‹የለቀቅ ልጆች› ነው የሚሉን» አለች። «እስከ ዛሬ ድረስ። ይህችም ልጅ እንኳ በትምህርት ቤት ተብላለች።» ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

የፊልሙን ጉዳት እንደ ውርደት ብቻ ነበር የማስበው፤ በወረቀት ላይ እንዳለ የቃል ስሕተት። ማሳ ወርዶበታል ብዬ አስቤ አላውቅም። በዚያው ወረዳ ዓመታት ሠርቼ፣ የወረደውን ገደል አፋፍ በበቅሎ አልፌበት፣ ምክንያቱን በመዝገቤ ላይ «ከባድ ዝናብ» ብዬ መጻፌ ትዝ አለኝ።

«ያ አስተርጓሚ ሞተ?» አለችኝ፤ ልጅቱ አልነገረቻትም ኖሯል። «ጫማው እንደ መስተዋት የሚያበራ ጎልማሳ ነበር። አባቴ ‹ለእንግዳው ውኃ ስጪ› ብሎኝ በቅል ሰጥቼዋለሁ። እሱ ያውቃል፤ እሱ በጆሮው ሰምቷል። ባገኘው ኖሮ!»

ኀላፊዋ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«አልሞተም» አልሁ። «እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ወደ እግሬ ተመለከተች። ከዚያ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ውኃዬን ጠጥተህ!» አለችኝ።

እስከዚያ ድረስ «የኔታ» እና «እርስዎ» ስትለኝ ነበር። «አንተ» ያለችኝ በዚያች ቃል ብቻ ነው። ትንሽ ቆይታ ወደ «እርስዎ» ተመለሰች፤ መመለሷ ከስድቡ የባሰ ሆነብኝ። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ነገሩን እንደ ሥራ ያዘችው።

«እንግዲያው ወረቀት ይጻፉልኝ። ማኅተም ያለው።»

«እጽፋለሁ። ማኅተም ግን የለኝም፤ የኮሌጁም ማኅተም ለእንዲህ ያለ ነገር አይመታም።»

«ያለ ማኅተምማ ማን ያምነኛል? ‹ለአንድ ሽማግሌ ጠጅ አጠጥታ አስጻፈች› ነው የሚሉኝ።» ትንሽ አሰበች። «ፈረንጆቹስ? ነገሩ የእነሱ አይዶለም? እነሱ ተቀበሉት ከተባለ አገሩ ሁሉ ይቀበላል።»

«እጽፍላቸዋለሁ።»

«ይምሉልኛል?»

ማልሁላት። ከመሄዷ በፊት ምስሉን ገበሬው ቀና ባለበት ቦታ ላይ አቆምነው። የልጅ ልጇ ስልኳን ከኪሷ አወጣችና ተመለከተችኝ። እኔ መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርሁ፤ ያለ መነጽር ከክንዴ አልፎ ያለው አይታየኝም። የስልኩን ድምፅ ግን ሰማሁ።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ሆነ። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ የተጠነቀቅሁበት እንግሊዝኛ ነው። ኀላፊዋ ወደ አቅራቢው ለመላክ ስትሞክር ስሕተት የሚጠቆምበት ሣጥን አራት መስመር ብቻ የሚቀበል ሆነ። ተቀምጬ ሁለቱን ገጽ አራት መስመር አደረግሁት። ጫማው ቀረ፣ ቅሉ ቀረ፣ የወረደው ማሳ ቀረ፤ የተናጋሪው ቃልና ትክክለኛ ትርጉሙ ብቻ ሄደ። መልሱ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ መጣ። መልእክትዎን ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን የሚልና አንድ ረጅም ቁጥር ያለበት ነበር።

«ይህን ሰው አልጻፈውም» አለች ኀላፊዋ። «ማሽኑ ለሁሉም የሚለው ነው።»

የሰው መልስ የመጣው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ትሑት ደብዳቤ ነበር። በፊልሙ ይዘት ላይ ምንም ለመለወጥ መብት እንደሌላቸው፣ መብቱ የአዘጋጁ እንደ ሆነ፣ አዘጋጁ ድርጅት ደግሞ ከተዘጋ እንደ ቆየ ገልጸው፣ ጉዳዩን በዚህ እንደሚዘጉት አስታወቁ። ከፊተኛው መልስ ጋር አትሜ፣ አጥፌ፣ በኮቴ ኪስ ውስጥ አደረግሁት።

የሙከራው ሠላሳ ቀንም አለቀ። ኮሌጁ ብዙ መምህራን ያሳዩአቸውን ጥቂት ቪዲዮዎች መረጠ፤ የእኔን ያሳየሁት እኔ ብቻ ስለ ሆንሁ አልተመረጠም፤ ተዘጋ። ቢያንስ ማረሚያዬ በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ከፊልሙ ርእስ ጋር ይያያዝ ብዬ ለኀላፊዋ ሰጠኋት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ አላሾፈችም።

«ጋሼ፣ ቪዲዮው ከሌለን ከምኑ ጋር ላያይዘው?»

ወረቀቱን መለሰችልኝ። ቪዲዮው በሌላ አገር፣ በሌላ ኮሌጅ ዛሬም እየታየ ይሆናል፤ እዚያም አንድ መምህር ተማሪዎቹን «ልብ በሉ» እያለ ያን ዐረፍተ ነገር ያስጽፋቸው ይሆናል።

በዚያው ሳምንት ልጅቱ ከክፍል በር ላይ ጠበቀችኝ። ዝናቡ ጣሪያውን ስለሚደበድበው ጠጋ ብላ ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ አያቴ በየቀኑ ትደውላለች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለእሑድ ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ ፈረንጆቹ ተቀበሉ ወይስ አልተቀበሉም ነው የሚሏት። ምን ልበላት?»

በኪሴ ሁለት ወረቀት ነበረ። የፊተኛውን፣ የማሽኑን መልስ አውጥቼ ሰጠኋት። እንግሊዝኛዋ ደኅና ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ይኸ ‹ደርሶናል› ለማለት አይደለም እንዴ?»

«‹መልእክትዎን ተቀብለናል› ነው የሚለው።»

«እሱማ... ይላል።» ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም። «ሌላ ደብዳቤ አልጻፉም?»

«በእጅሽ ያለውን እንደ ተጻፈው ንገሪያት።»

እዚያው ቆማ ለአያቷ ደወለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ዐይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል፣ «እማዬ፣ ተቀብለዋል» አለች። በስልኩ ውስጥ መጀመሪያ አንዲት ሴት ብቻዋን እልል ስትል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሌሎች ሴቶች ተቀበሏት። ዝናቡን አልፎ ይሰማ ነበር።

ልጅቱ ስልኳን ዘግታ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ወደ ክፍል ገባን፤ የዕለቱ ትምህርት ስለ ተዳፋት አለካክ ነበርና አስተማርሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከፊተኛው ወንበር አልተነሣችም፤ የምለውን ሁሉ ትጽፍ ነበር። ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲያ ጠይቃኝ አታውቅም።